የደጋፊው ዓይን፣ የደጋፊው ምላስና የደጋፊው እህት

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የዛሬው ንግግሬ መነሻ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ሁለቱም ከአንድ ቤት የወጡ መሆናቸውን ያወቅሁት ግን ቆይቼ ነው።

የመጀመሪያው የመጣው በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ የፓሪስ ኦሎምፒክ በሚካሄድበት ሰሞን ነው። እዚሁ ጂንካ ከዒሻ ሰላት በኋላ አራት አምስት ወጣቶች ከመስጂዱ ደጃፍ ጠበቁኝ። አንደኛው ፈራ ተባ እያለ፣ «ኡስታዝ፣ ማታ ማታ ኦሎምፒክ እናያለን። የሴቶቹ ዋና ሲመጣ ግን ግራ ይገባናል። ማየት ይቻላል ወይስ አይቻልም?» አለኝ። የቀሩት አንገታቸውን ደፉ፤ አንዱ ሳቁን ዋጠ። ባጭሩ መልሼ አሰናበትኳቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ በልጄ እጅ የደረሰኝ፣ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነው። ጸሐፊዋ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። በትምህርት ቤቷ ሩጫ መሳተፍ እንደምትወድ፣ ዋና መማርም ምኞቷ እንደሆነ ከገለጸች በኋላ እንዲህ ትላለች፦ «ወንድሜ ለሴት ልጅ ሐያእ ያስፈልጋል ብሎ ከሩጫው ከለከለኝ። እሱ ግን ክረምቱን ሙሉ የሰው አገር ሴቶች ሲዋኙ እያየ ሲያመሽ ነበር። ሐያእ የታዘዘው ለእኔ ብቻ ነው ወይ?»

እውነቱን ልናገር፣ ይህን ወረቀት ሳነብ ለወጣቶቹ የሰጠሁት መልስ ጎደሎ እንደነበረ ገባኝ። ስለ ዓይናቸው ነግሬያቸው ስለ እህቶቻቸው አልነገርኳቸውም። ዛሬ ያንን ጉድለት ለመሙላት ነው የምናገረው።

ከሐበሾቹ ጨዋታ እንጀምር

ሃይማኖታችን ጨዋታንና ስፖርትን በጅምላ የሚያወግዝ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ይህ ስህተት ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ በዒድ ቀን ሐበሾች በመዲናው መስጂድ ውስጥ በጦር ይጫወቱ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤታቸውን ዐኢሻን (ረ.ዐ.) በኩታቸው ጋርደው ከኋላቸው አቁመው ጨዋታውን አሳዩዋት። እርሷ ጠግባ በቃኝ እስክትል ድረስም አልተሰላቹም። ዑመር (ረ.ዐ.) ተጫዋቾቹን ሊከለክሉ ሲነሱ እንዲተዋቸው ነገሯቸው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ሐዲስ ስንሰማ ደስ ይለናል፤ የተጫወቱት ወገኖቻችን ናቸውና። ከደስታው ባሻገር ግን ትምህርቱን እንያዝ። ጨዋታ ተፈቅዷል፤ ተመልካችነትም ተፈቅዷል። ተመልካቿ ሴት ናት። ባልየው ደግሞ «አንቺ ቤት ተቀመጪ፣ እኔ ልይ» አላሉም፤ ቆመው ጋረዱላት እንጂ። መጋረዱ እንድታይ ለማድረግ ነበር እንጂ እንዳታይ ለመከልከል አልነበረም።

ሌላም አለ። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በጉዞ ላይ ከዐኢሻ ጋር ሮጠዋል። መጀመሪያ እርሷ ቀደመቻቸው። ከዘመናት በኋላ ሰውነቷ ሲከብድ እርሳቸው ቀደሟትና ያኛውን ሽንፈት ማካካሻ መሆኑን በጨዋታ ነገሯት። ዋናን በተመለከተም፣ አንድ ሰው ዋና መማሩ ከከንቱ ጨዋታ እንደማይቆጠር የሚገልጽ ሐዲስ ነሳኢና ጦበራኒ ዘግበዋል። እንግዲህ የሴት ልጅ ሩጫም፣ የሰው ልጅ ዋናም በዲናችን እንግዳ ነገር አይደለም።

ዓይን

ታዲያ የወጣቶቹ ጥያቄ መልሱ ምንድን ነው? አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኑር ዓይንን ስለ መስበር ሲያዝ በ30ኛው አንቀጽ ላይ አስቀድሞ የተናገረው ለወንዶች ነው። ሴቶች የተጠሩት በሚቀጥለው አንቀጽ ነው። ስለ ሐያእ ስናወራ ሁልጊዜ ከሴቷ ልብስ የምንጀምር ሰዎች ይህን ቅደም ተከተል ልናጤነው ይገባል። የዋና ልብስ የለበሰችን ሴት ገላ እያዩ ማምሸት ለወንድ ልጅ አይፈቀድለትም። «ስፖርት ነው» ማለት ገላውን ሌላ ነገር አያደርገውም። ለሴቶችም ቢሆን የሌላዋን ሴት ገላ ያለ ገደብ መመልከት የለም።

አንዳንዱ «ልቤ ንጹሕ ነው፤ የማየው ውድድሩን ነው» ይላል። ይህን ንግግር አልንቀውም፤ እኔም ብዬዋለሁና። ዓርብ ነሐሴ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሎምፒክ አልማዝ አያና 10,000 ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ገብታ፣ ለ23 ዓመታት የቆየውን የዓለም ክብረ ወሰን ከ14 ሰከንድ በላይ ስታሻሽል ከጎረቤቶቼ ጋር ተቀምጬ አይቻለሁ። ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ነበር ብዬ ራሴን ላሳምን እችላለሁ። ነገር ግን ዓይን የልብን ፈቃድ ጠይቆ አይሄድም። የራሱን ዓይን የሚያውቀው ባለቤቱና አላህ ብቻ ናቸው። ውጤቱን በሬዲዮ መስማት፣ በድሉ መደሰት፣ የአገር ሰንደቅ ከፍ ሲል አልሐምዱሊላህ ማለት ይቻላል። ካሜራው ገላን እያጎላ ሲመላለስ ግን ፊትን ማዞር የአማኝ ተግባር ነው።

ይህን ነገር የደቡብ ኦሞ ሰው ከማንም በላይ ሊረዳው ይገባል። ከልጅነታችን ጀምሮ ካሜራ ያንጠለጠሉ ቱሪስቶች በጂንካ በኩል ወደ ሙርሲ፣ ወደ ሐመር፣ ወደ ካሮ መንደሮች ሲጎርፉ አይተናል። አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ በደጇ ቆማ ሳለ ገንዘብ ተሰጥቷት ፎቶ ትነሳለች። ፎቶ አንሺው ስሟን አይጠይቅም። ልጇ ታሞ እንደሆነም አይጠይቅም። ገላዋን ወስዶ ይሄዳል። ይህን ስናይ አንጀታችን ያርራል፤ «ሰው እንጂ ትርዒት አይደለንም» እንላለን። ታዲያ እኛስ ማታ በቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበን፣ ስሟን የማናውቃትን ዋናተኛ በገላዋ እየመዘንን ስንስቅ ከዚያ ፎቶ አንሺ በምን እንሻላለን? በእናታችንና በጎረቤታችን ላይ ሲደርስ የጠላነውን እይታ በሰው ልጅ ላይ አናድርገው።

ምላስ

ከዓይን ቀጥሎ ምላስ ይመጣል። በዚያው በ2008 ዓ.ም. የሪዮ ኦሎምፒክ ሮቤል ኪሮስ አገራችንን ወክሎ በወንዶች 100 ሜትር ዋና ተወዳደረ። 1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ በላይ ፈጅቶበት ከ59 ዋናተኞች የመጨረሻውን ቦታ ያዘ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የውጭ መገናኛ ብዙኃን በሰውነቱ ውፍረት ተሳለቁ፤ ዓሣ ነባሪ አሉት። እኛም ከእነርሱ ተቀብለን በስልካችን ተቀባበልነው። በየሻይ ቤቱ መሳቂያ አደረግነው።

አባቱ በወቅቱ የዋና ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ስለነበሩ ሕዝቡ ስለ አመራረጡ ጥያቄ አነሳ። ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። ሹመትና ውክልና አማና ነው፤ ስለ አማና መጠየቅ የዜጋም የአማኝም መብት ነው። ስለ አንድ ወጣት ሆድ መሳለቅ ግን ሌላ ነገር ነው። በሱረቱ አል-ሑጁራት 11ኛ አንቀጽ አላህ አማኞችን እርስ በርስ እንዳይሳለቁ ሲከለክል፣ የሚሳለቁበት ሰው ከእነርሱ የተሻለ ሊሆን እንደሚችል አስገንዝቧል። እዚያው አንቀጽ ላይ ሴቶችን ለብቻ ጠቅሶ ከልክሏል። እኛ ግን የአሠራሩን ጥያቄ በቀልድ አፍነን ልጁን ብቻውን ለዓለም መሳቂያ ሰጠነው።

ልብ በሉ፣ በዚያው ኦሎምፒክ ራሔል ፍስሐ በሴቶች 50 ሜትር ዋና ኢትዮጵያን ወክላ ነበር። ከእርሷ በፊት በ2004 ዓ.ም. በለንደን ያኔት ሥዩም በዚያው ርቀት ዋኝታለች። በፓሪስም ሊና ዓለማየሁ ዋኝታለች። ስንቶቻችን እናውቃቸዋለን? ግማሽ ደቂቃ ለሚፈጅ ውድድር፣ የሚያጨበጭብለት ሕዝብ ሳይኖር፣ ሜዳሊያ እንደማይገኝ እየታወቀ መሰለፍ ቀላል አይደለም። ደጋፊ ነን የምንል ሰዎች የምናውቀው ያሸነፈውንና የምንስቅበትን ብቻ ከሆነ ድጋፋችን ምኑ ላይ ነው?

ሰንደቅና ሒጃብ

አሁን ወደ ሌላ ጉዳይ ልለፍ። በ1984 ዓ.ም. ነሐሴ 1 ቀን ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና ስታሸንፍ እኔ የመድረሳ ልጅ ነበርኩ። ከጎረቤት ሬዲዮ ሰምተን ከነቁርኣን ሰሌዳችን እየሮጥን ወጣን። እርሷና ደቡብ አፍሪቃዊቷ ኤላና ሜየር፣ አንዷ ጥቁር አንዷ ነጭ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን መዞራቸውን የሰማነው በኋላ ነው። በ1988 ዓ.ም. ሐምሌ 21 ቀን ደግሞ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ማራቶንን አሸንፋ በኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። የሰፈራችን አሮጊቶች «ፋጡማ» የሚለውን ስም ሲሰሙ እልል አሉ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም አብረው እልል አሉ። ማንም ማንንም «ለምን እልል አልክ» ብሎ አልጠየቀም።

በፓሪሱ ኦሎምፒክ መጨረሻ ቀን፣ ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን ሌላ ነገር አየሁ። አዳማ ተወልዳ በልጅነቷ በስደት ኔዘርላንድ የገባችው ሲፋን ሐሰን በማራቶን የእኛዋን ትግስት አሰፋን በ3 ሰከንድ ቀድማ ገባች። ወደ መጨረሻው ተጋፍተው ነበር፤ የኢትዮጵያ ቡድን ያቀረበው ቅሬታም ተቀባይነት አላገኘም። ሲፋን ሜዳሊያዋን በመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ስትቀበል ሒጃብ ለብሳ ቆመች። ይህ የሆነው ፈረንሳይ ለራሷ አትሌቶች ሒጃብ በከለከለችበት ኦሎምፒክ ላይ ነውና ብዙ ሙስሊም ልቡ ተነካ። የኔም ተነክቷል።

ነገር ግን በእኛ ሻይ ቤት ሙስሊሙ በአንድ ወገን፣ ክርስቲያኑ በሌላ ወገን ሆኖ ክርክሩ ወደ ስድብ ተለወጠ። አንዱ ትግስትን አዋረደ፤ ሌላው ሲፋንን ከሃዲ አለ። ሁለት እህቶች 42 ኪሎ ሜትር ሮጠው የደከሙበትን ነገር እኛ ተቀምጠን የጎረቤት ጠብ አደረግነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዐሰቢያን፣ ማለትም ለወገን ብሎ በጭፍን መደገፍን አውግዘዋል። በሒጃቧ ደስ መሰኘት ይቻላል። በዚያ ምክንያት የጎረቤትን ልጅ ማንቋሸሽ ግን አይቻልም። በአሪውና በማሌው፣ በበናውና በሐመሩ፣ በአማራውና በሌላውም መካከል ተከባብረን የምንኖር የዚህ አገር ሰዎች፣ ሰላማችንን ለቴሌቪዥን ሩጫ ልንሸጠው አይገባንም።

በውጤት ላይ ገንዘብ ስለሚያስይዙትም አንድ ቃል ልበል። ቁማር በሱረቱ አል-ማኢዳህ 90ኛ አንቀጽ ተከልክሏል። ስሙ ውርርድ መባሉ ፍርዱን አይለውጠውም። ሰላት እያለፈ ውድድር ማየትም ትርፉ ኪሳራ ነው።

ውኃው ይመጣል

አሁን ወደ እህታችን ወረቀት እንመለስ። ዋና መማር እፈልጋለሁ ብላለች። ይህን የፈረንጅ ቅንጦት አድርገን እንዳናየው አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ በዳሰነችና በአካባቢው ከ300 በላይ ሰዎችን ወሰደ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶችም አለቁ። በቅርብ ዓመታትም ወንዙ የዳሰነችን ሕዝብ ደጋግሞ ከቀዬው አፈናቅሏል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት በዓለም በዓመት 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው እንደሚሞቱ ገልጿል። ዋና የሚችል ሁሉ ከጎርፍ ይድናል ማለቴ አይደለም፤ ደራሽ ውኃ ዋናተኛንም ይወስዳል። ቀጠሮው በአላህ እጅ ነው። ነገር ግን ሰበብ ማድረስ ታዘናል። ሰበቡን ለወንዱ አስተምሮ ለሴቷ መከልከል ከየትኛው ኪታብ ተገኘ?

እኔ ራሴ በልጅነቴ ክረምት የሞላ ወንዝ ስንሻገር አብራን የነበረች የጎረቤት ልጅ በውኃ ተወስዳለች። ወንዶቹ እየዋኘን ወጣን። እርሷ ዋና አልተማረችም ነበር፤ ሴት ስለሆነች ማንም አላስተማራትም። አላህ ይዘንላት። ይህን ታሪክ ለብዙ ዓመታት ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

በነሐሴ 2007 ዓ.ም. ደግሞ ዩስራ ማርዲኒ የተባለች ሶርያዊት ወጣት ከጦርነት ሸሽታ ከቱርክ ወደ ግሪክ በትንሽ ጀልባ ስትሻገር ሞተሩ ጠፋ። ጀልባው 20 ያህል ሰዎች ጭኗል። ዩስራና እህቷ ሳራ ዋና ያውቁ ነበርና ከሌሎች ጋር ባሕሩ ውስጥ ወርደው ጀልባውን ለሰዓታት እየገፉና እየጎተቱ የባሕሩ ዳርቻ አደረሱት። በዓመቱ ዩስራ በሪዮ ኦሎምፒክ በስደተኞች ቡድን ስም ዋኘች። ዓለም ያጨበጨበው ለዋናዋ ብቻ አልነበረም። አባታቸው የዋና አሠልጣኝ ነበር፤ ሴት ልጆቹን ዋና ያስተማረ አባት የሌሎችንም ቤተሰቦች ልጆች አድኗል።

«ታዲያ ልብሱስ? ቦታውስ?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱም አለ። ሴቶች ከሴቶች ጋር፣ በሴት አስተማሪ፣ ከወንድ ዓይን በተከለለ ሰዓትና ቦታ መማር ይችላሉ። ሰውነትን የሚሸፍን የዋና ልብስም ዛሬ አለ። በስፖርቱ ዓለምም ቢሆን በር ሲከፈት አይተናል። በ2006 ዓ.ም. ፊፋ በእግር ኳስ ሒጃብን ፈቅዷል። በለንደን ኦሎምፒክ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኳታርና ብሩኔይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቶችን ሲያሰልፉ ኳታራዊቷ ናዳ አርካጂ የተወዳደረችው በዋና ነው። አዞ ባለበት ወንዝ ልጆቻችሁን ልቀቁ አልልም። ነገር ግን ወላጆች፣ የመስጂድ ኮሚቴዎችና ትምህርት ቤቶች ተመካክረን ለልጆቻችን የሚሆን ቦታና ሰዓት እንድናመቻች አሳስባለሁ። ለመድረሳ ግድግዳ የምናዋጣ ሰዎች ለዚህስ ማዋጣት ያቅተናል?

ለእህቴና ለወንድሟ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ትክክል ነው። ሐያእ ለአንቺ ብቻ አልታዘዘም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ከድንግል ልጃገረድ ይበልጥ ሐያእ እንደነበራቸው ሰሓቦች ነግረውናል። ሰፋ ባለ ልብስ፣ ሒጃብሽን ጠብቀሽ፣ ከጓደኞችሽ ጋር መሮጥ የሚከለክልሽ ነገር የለም። ሰላትሽንና ትምህርትሽን ግን አስቀድሚ።

ወንድሟ ደግሞ ማን እንደሆነ ያወቅሁት እናቱ ሊያነጋግሩኝ ሲመጡ ነው። ያን ምሽት ከመስጂዱ ደጃፍ ፈራ ተባ እያለ የጠየቀኝ ልጅ ነበር። አልተቆጣሁትም፤ የጠየቀ ሰው አይናቅም። ከዒሻ በኋላ አጠገቤ አስቀምጬ የእህቱን ወረቀት ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። ቆይቶ፣ «ኡስታዝ፣ እኔ ለእርሷ ፈርቼ ነው፤ መንገድ ላይ የሚሏትን እሰማለሁ» አለኝ።

አመንኩት። ቅንዓቱ እውነተኛ ነው፤ የተሳሳተው አቅጣጫው ነው። እንዲህ አልኩት፦ መንገድ ላይ ክፉ የሚናገሩት ጓደኞችህ ናቸው፤ አብረሃቸው ቴሌቪዥን የምታየው። እነርሱን ዝም ማሰኘት ካልቻልክ እርሷን ቤት በመዝጋት ወንድምነትህን አትወጣም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዐኢሻን ለመጋረድ እርሷ በቃኝ እስክትል ቆመዋል። አንተም የሩጫው ዕለት ማልደህ ተነስ፤ ፈጅርን ስገድ፤ እህትህን እስከ ሜዳው ሸኛት፤ ቦርሳዋን ይዘህ መጨረሻው መስመር ላይ ጠብቃት።

አላህ ዓይናችንን ከማይፈቀድ፣ ምላሳችንን ከስላቅ፣ ልባችንን ከጭፍን ወገንተኝነት ይጠብቅልን። ወንድና ሴት ልጆቻችንን ጤናማ፣ ብርቱና ሐያእ ያላቸው ያድርግልን። በውኃ የተወሰዱብንን ይማርልን። አሚን።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።